ከእንዶድ እስከ ሻምፑ

ባለፈው የቡና ስብሰባችን ከመካከላችን አንዷ «ሻምፑ ከቀየርኩ ወዲህ ጸጉሬ ተሰባበረ» ስትል ሁላችንም አዘንን። የጠርሙሱን ጀርባ ያነበበ ግን አልነበረም። ደረሰኝ ሳናይ የማንፈርም ሴቶች፣ ራሳችን ላይ የምናፈሰውን ሳናነብ እንገዛለን።

እናቶቻችን ግን የሚታጠቡበትን ያውቁ ነበር። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ የጥምቀት ነጭ ሸማቸውን በቀሃና በአንገረብ ዳር ያጥቡ ነበር። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን ነው። አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ቅባትን ይይዛል፤ እድፉን አላቆ ከውሃው ጋር ይወስደዋል።

በፈረንጆች 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነበር። ለዚሁ ምርምር እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የሳይንሱ መነሻ ግን የሴቶች እጥበት መሆኑን አንርሳ።

ሻምፑ የሚለው ስም ከሕንድ የመጣ ሲሆን ማሸት ማለት ነው። ሐንስ ሽዋርዝኮፕፍ በ1903 በርሊን ውስጥ የዱቄት ሻምፑ መሸጥ ጀመረ። ሳሙና ማዕድን በበዛበት ውሃ ሲታጠቡበት በጸጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የወጡት ሰው ሠራሽ ሻምፑዎች ይህን ችግር አቃለሉ።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን በሦስት ብንከፍለው ይቀለናል፦

ጠንካራ አጽጂ፦ «ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት» ወይም «ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት» ከፊት ተጽፎ ይገኛል። ሹሩባ ተሠርተን ቅቤ ለተቀባንበት ጊዜ ይጠቅማል፤ ዘወትር ከሆነ ግን ጸጉርን ያደርቃል።

ለስላሳ፦ ሰልፌት የሌለውና እንደ «ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን» ያለ ለዘብ ያለ አጽጂ ያለው ነው። አረፋው ሊያንስ ይችላል፤ ይህ ግን አያጸዳም ማለት አይደለም። ለደረቀና ለተሰባበረ ጸጉር ይሻላል።

የፎረፎር፦ «ኬቶኮናዞል» ወይም «ዚንክ ፓይሪታዮን» ያለበት ነው። ይህ መድኃኒት ስለሆነ እንደ መመሪያው እንጠቀምበት።

በዝርዝሩ ላይ በብዛት ያለው በአብዛኛው ቀድሞ ይጻፋል። «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍም ብቻውን አያሳምነን፤ እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው፣ ሲጠጣ ግን መርዝ ነው፣ ዓይንም ያቃጥላል። እናቶቻችን ከልጆች ያርቁት የነበረው ለዚህ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም ጠርሙሳችንን ይዘን እንምጣ፤ ቡናው እስኪፈላ ጀርባውን አብረን እናነባለን።