ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ የመጣ ትኩሳት፦ ስንተኛው ወር ላይ ነዎት?



አዲስ አበባ ኩላሊት ተተክሎለት ወደ መካነ ሰላም የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ወር ቢያተኩሰው ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ይለዋል። ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ከነበረም «ወባ ነው»። ሊሆን ይችላል። ሐኪም ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከተተከለልዎ ስንት ጊዜ ሆነ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ለማወቅ ብዙ ሕይወት ተከፍሏል።

በ1954 እ.ኤ.አ. ዶ/ር ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያካሂዱ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩ፤ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። መንታ ለሌለው ግን የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ግድ ሆነ፤ መጀመሪያ በጨረር፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ በመድኃኒት። የተዳከመው ሰውነት ለኢንፌክሽን ተጋለጠ፤ ብዙዎችም በዚሁ ሞቱ።

በ1981 እ.ኤ.አ. ዶ/ር ሮበርት ሩቢንና ባልደረቦቻቸው ኢንፌክሽኖቹ ተራ እንዳላቸው ጻፉ። በመጀመሪያው ወር ከማንኛውም ትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ የምናያቸው ይበዛሉ፦ የቁስል፣ የሽንት፣ የሳንባ። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር መከላከያው በጣም ስለሚዳከም ጤነኛውን ሰው የማይነኩት ይነሳሉ፤ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስና ኒሞሲስቲስ የሚባለው የሳንባ ፈንገስ ዋናዎቹ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ኩላሊቱ ደህና ከሠራ አደጋው ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ባክትሪም ለወራት የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡት።

በአገራችን ንቅለ ተከላ የተጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው የጀመረው። ቁስሉ ድኖ ወደ ቦረና የሚመለስ ሰው እንግዲህ ከባዱን ወቅት ከማዕከሉ ርቆ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ስትደርሱ፣ ታማሚው ልጃችሁም ቢሆን፣ መጀመሪያ የተተከለበትን ወር ተናገሩ፤ የመድኃኒቶቹን ካርቶን አሳዩ፤ ወደ ማዕከሉም እንዲደወል ጠይቁ።

ቲቢ ግን ለዚህ ተራ ብዙም አይገዛም። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ በመጀመሪያው ዓመትም፣ ከዓመታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ሳል ላይኖርም ይችላል፤ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም ጥንቃቄ ይሻል፦ ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን ስለሚያወርድ ኩላሊቱ ሊጠቃ ይችላል።

ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ትኩሳትን ይደብቃል። ቴርሞሜትሩ 38 እስኪል አትጠብቁ።