ሞክሼ ሰዎች በኢትዮጵያ የታሪክ መዛግብት

የኢትዮጵያ ዜና መዋዕሎች፣ ገድላት፣ የጉልት ሰነዶችና ደብዳቤዎች በአንድ ስም የሚጠሩ በርካታ ባለታሪኮችን ይዘዋል። ካሳ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ገብረ መስቀል፣ ዳዊትና ቴዎድሮስ ከተደጋገሙት ስሞች መካከል ናቸው። እነዚህን ሞክሼዎች ለመለየት የአባት ስም ሁልጊዜ አይበቃም። ሰነዱ ሲጻፍ ባለታሪኩ የያዘው ማዕረግ፣ የገዛው አገር፣ የፈረስ ስሙና ማኅተሙ አብረው ይመረመራሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የስም አሰጣጥና ሞክሼነት

በኢትዮጵያ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሰው የሚለየው በራሱና በአባቱ ስም ነው። የቀድሞ ሰነዶች ግን ብዙ ጊዜ ማዕረግና ስም ብቻ ጠርተው ያልፋሉ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ወላጆቹ ካወጡለት ስም ሌላ የክርስትና ስም አለው፤ ከነገሠ ደግሞ ስመ መንግሥት ይጨመርለታል። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ ስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ዳዊትም ወናግ ሰገድም ተብለው ተጽፈዋል። ስለዚህ አጥኚው አንድን ስም ለብዙ ሰዎች ማከፋፈል፣ ብዙ ስሞችን ደግሞ ለአንድ ሰው መሰብሰብ ይኖርበታል።

የክርስትና ስሞች ከቅዱሳን፣ ከመላእክትና ከመስቀል ስም ጋር እየተያያዙ ስለሚወጡ በየዘመኑ ይደገማሉ። የአክሱሙ ንጉሥ የካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ይባላሉ፤ በትውፊት ቅዱስ ያሬድ የኖረው በእሳቸው ዘመን ነው። ከ600 ዓመት በላይ ቆይተው የነገሡት ላሊበላም ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ነው። ስለዚህ በገዳማት ትውፊትም ሆነ በጉልት ሰነድ ላይ “ንጉሥ ገብረ መስቀል” የሚል ሲገኝ የአክሱሙ ይሁኑ የላስታው የሚታወቀው በዙሪያው ከተጠቀሱት ሹማምንት፣ ቦታዎችና ዘመን ነው።

ሦስቱ ካሳዎች

“ደጃዝማች ካሳ” ተብለው የተጻፉ ሦስት ታላላቅ ባለታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው የቋራው ካሳ ኃይሉ ናቸው። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብተው የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኙ፤ በ1847 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሁለተኛው የትግራዩ ካሳ ምርጫ ሲሆኑ በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሦስተኛው የሸዋው ካሳ ኃይሉ ናቸው። በ1903 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል የተላከውን ልዑክ ሲመሩ ደጃዝማች ነበሩ። ኋላ ልዑል ራስ ተባሉ፤ በ1928 በሰሜን ጦር ግንባር ጦር መርተው ተምቤን ላይ ተዋጉ፤ በ1949 ዐረፉ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚለየው የሰነዱ ቀን ነው። ከ1847 በፊት ስለ ጎንደርና ስለ ቋራ በተጻፈ ደብዳቤ ካሳ የተባሉት ኋላ ቴዎድሮስ የሆኑት ናቸው። በ1860 የመቅደላ ዘመቻ ሰነዶች ላይ ግን ካሳ ማለት ለጄኔራል ናፒየር ጦር መንገድ የፈቀዱት የትግራዩ ገዢ ናቸው፤ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች “ካሳይ” እያሉ ይጽፏቸዋል። የቋራው ካሳ በዚያን ጊዜ ከነገሡ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው ሞክሼነት ከዚህ ይከብዳል፤ የራስም የአባትም ስማቸው አንድ ነውና። የቴዎድሮስ አባት ኃይሉ፣ ኃይለ ጊዮርጊስም የሚባሉት፣ የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው። የራስ ካሳ አባት ኃይሉ ደግሞ የላስታው ወልደ ኪሮስ ልጅ ናቸው። ራስ ካሳ አንዳንድ ጊዜ “ካሳ ኃይሉ ዳርጌ” ተብለው ይጻፋሉ፤ ራስ ዳርጌ ግን የእናታቸው አባት ናቸው። ሦስተኛው ስም ምንጊዜም የአባት አባት ነው ብሎ የትውልድ ሐረግ የሚቆጥር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ባለታሪኮች

ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት የ13ኛው መቶ ዘመን ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የስሙን መስፋፋት አስከትለዋል። ከጎንደር ነገሥታት የታላቁ ኢያሱ ልጅ ቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት ከ1698 እስከ 1700 ነግሠዋል፤ በአባታቸው መገደል የተነሣ “እርጉም” ተብለዋል። ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት በራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣን ዘመን የነበሩት ንጉሥ ናቸው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የጻፈላቸውም እሳቸው ናቸው።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከ1873 በፊት ባሉ ሰነዶች በዚህ ስም አይገኙም፤ ዐፄ ዮሐንስ እስኪያነግሧቸው ድረስ ራስ አዳል ተሰማ ነበሩ። በ1874 እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተማርከዋል፤ በዓድዋም ዘምተዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ፓትርያርክም ከ1968 እስከ 1980 በዚሁ ስም ተጠርተዋል፤ ቀድሞ አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል ነበሩ።

የመለያ መንገዶች

ማዕረግ በዕድገት ስለሚለወጥ ሰነዱን ለማዘመንም ሰውን ለመለየትም ይረዳል። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው፤ በፉከራና በግጥም “አባ ታጠቅ” ቴዎድሮስን፣ “አባ በዝብዝ” ዮሐንስን፣ “አባ ዳኘው” ምኒልክን ያመለክታል። ዓመት ያልተጻፈበት ሰነድ “ዘመነ ማቴዎስ” ወይም “ዘመነ ሉቃስ” ካለ ዕድሉ በየአራት ዓመቱ ወደሚመለስ ዘመን ይጠባል።

“ቀዳማዊ” እና “ዳግማዊ” የሚለው ቁጥር በብዛት የኋላ ጸሐፊዎች ሥራ ስለሆነ በጥንቱ ሰነድ ላይ አይጠበቅም። ምኒልክ ግን ዳግማዊነታቸውን ራሳቸው በማኅተማቸው አስቀርጸዋል። በብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በሌላ የሚተካበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለ ስም ሲገኝ የፊደሉ ቅርጽና ቀለሙ ከመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ጋር ይነጻጸራል።

በካታሎግ አሠራር

አንዳንድ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ከፊት ያስቀምጣሉ፤ ባለታሪኩም በራሱ ስም በሚፈለግበት ቦታ አይገኝም። ከእ.ኤ.አ. 2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ግን ባለታሪኮችን በራሳቸው ስም ይደረድራል። “ካሣ” እና “ካሳ”፣ “ኃይሉ” እና “ሀይሉ” የተባሉት አጻጻፎች በአንድ ርዕስ ካልተጣመሩ ደግሞ የአንድ ሰው ሰነዶች ይበታተናሉ። ስለዚህ የተሟላ ርዕስ የባለታሪኩን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከፍተኛ ማዕረጉንና የኖረበትን ዘመን ይይዛል፤ የቀድሞ ስሞቹና ልዩ ልዩ አጻጻፎቹም ወደዚያው ርዕስ ይመራሉ። በዚህ አሠራር ራስ አዳልን የሚፈልግ ሰው ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል፤ ሁለቱ ካሳ ኃይሉዎችም ለየብቻቸው ይቀመጣሉ።