ድምፅ አልባው ሲኒማና መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን

ሲኒማ ሲወለድ ድምፅ አልነበረውም። ሥዕሉ በነጭ መጋረጃ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ለታሪኩ መግለጫ የሚሆነውም ቃል በየመካከሉ ተጽፎ ይታያል። ስለዚህ ፊደል የቈጠረ ሁሉ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም፣ በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ እኩል ይስቅ፣ እኩል ያዝን ነበር። ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሰው አዳራሹን «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱም የታወቀ ነው።

ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ንግግር ይዞ በአሜሪካ ታየ። ከዚያም ወዲህ ለብዙዎች ደስታ የሆነው ነገር መስማት ለተሳናቸው የተዘጋ በር ሆነባቸው። ጽሑፉ ከመጋረጃው ሲነሣ እነርሱም ከአዳራሹ ቀሩ።

ይህን ጕድለት ለማቃናት ከተነሡት አንዱ ኤመርሰን ሮሜሮ ነው። በኩባ ተወልዶ በአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ የተጫወተ፣ ራሱም የማይሰማ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የንግግር ፊልሞችን እየቈረጠ በመካከላቸው የተጻፈ ቃል ይቀጥል ጀመር። በ1958ም የአሜሪካ መንግሥት ጽሑፍ የተጨመረባቸው ፊልሞች መስማት ለተሳናቸው በውሰት እንዲዳረሱ ሕግ አወጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕዝባችን የሕንድን ፊልም ቋንቋውን ሳያውቅ በፊትና በእንቅስቃሴ እየተረዳ ለብዙ ዘመን አይቷል። የንግግሩ ትርጕም ሲያመልጥ ምን ያህል እንደሚቀር ከዚህ መገመት አያዳግትም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም በ30ኛው አንቀጽ ፊልምና ቴአትር ለእነዚህ ወገኖች በሚመች መንገድ እንዲቀርቡ ያዛል።

የሚያስፈልገውም ከአቅም በላይ አይደለም። ከሥዕሉ ግርጌ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን የበር መንኳኳቱንና የዘፈኑን መጀመር ጭምር የሚገልጽ ጽሑፍ፤ ጥቂት ለሚሰሙት ደግሞ በአዳራሹ ዙሪያ ተዘርግቶ ድምፁን ተስማሚ ወደ ሆነ የጆሮ መርጃ የሚያደርስ ሽቦ፤ ጽሑፍ ላልተማሩትም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያሻል።

የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ ለሚችል ብቻ ስለሚጠቅም፣ የነገሩ ሥር ትምህርት ቤት ነው። በባሌ ደጋ፣ በገሰራም ሆነ በሮቤና በጎባ፣ የማይሰማ ልጅ ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን ከቤት ሳያስቀሩ ፊደል ያስቈጥሩት፤ መምህራንም በምልክት ቋንቋ ያስተምሩት። አዳራሽ የሚያሠሩ ሹማምንትም ጽሑፉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲቀርብ አስቀድመው ያስቡበት። ድምፅ አልባው ሲኒማ ሳያስበው የሰጠውን እኩልነት እኛ አስበን ልንመልሰው ይገባናል።