የፊት ብጉርና መድኃኒቱ በሐረር

ብጉር ሰውን የማይገድል ሕመም ስለ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም አያነሡትም። ፈንጣጣና ኮሌራ አገር ስላጠፉ ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል፤ ብጉር ግን የጎረምሳና የኮረዳ ጣጣ ተብሎ ለእናቶችና ለአክስቶች ተተወ። ሆኖም አንድ ሕዝብ ስለ ገላ ያለው ዕውቀት ጎልቶ የሚታየው ሰውን ሳይገድል በሚያሳፍር ሕመም ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ በሐረር፣ በግንቡ ውስጥም በውጭም፣ ሰው ፊቱን በምን ሲያክም እንደ ኖረ፣ የሐኪም መድኃኒት እንዴት እንደ መጣና ሁለቱ ዛሬ በምን እንደሚገናኙ ለማየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ብጉር ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ከቆዳ ሥር ወዝ የሚያመነጩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ እነዚህ ዕጢዎች ሥራቸውን ያበዛሉ፤ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ የጠጉሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በዚያም ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል። እንግዲህ ብጉር የሚመጣው ከቆሻሻ አይደለም፤ ፊትን አሥር ጊዜ በማሸትም አይጠፋም። ያገራችን ቋንቋ የቆዳን ሕመም በየስሙ ለይቶ ያውቃል፤ ብጉር፣ ቡግንጅ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ እከክ፣ ችፌ፣ ማዲያት፣ ለምጽ ይላል። ይህ የስም ሀብት ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ ያልተለየ ሕመም መድኃኒቱም አይለይምና።

ሐረር የገበያ ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ጀጎልን ቢከብባትም፣ በአምስቱ በሮች የዘይላን ጠረፍ ዕቃ፣ የኦሮሞን ገበሬ እህል፣ የሶማሌን አርብቶ አደር ቅቤና ሙጫ ስታስገባ ኖራለች። የቤት መድኃኒቷም እንደ ገበያዋ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሶማሌዎች ቃሲል የሚሉት፣ ከቁርቁራ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል ደርቆ የሚወቀጥ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ሴቶች በውሃ ለውሰው ፊታቸውን ይቀቡታል፤ ሲደርቅም ይታጠቡታል። ቅጠሉ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር በውስጡ ስላለው ወዝን ያነሣል። በዚህ ረገድ የሴቶቹ ልማድ ምክንያት አለው፤ ቃሲል ግን የሚያጥብ ነው እንጂ የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍት አይደለም።

ሁለተኛው እሬት ነው። በሐረርጌ ደጋና ቆላ ብዙ ዓይነት እሬት ይበቅላል፤ አንደኛውም የዕፀዋት ሊቃውንት በሐርላ ስም የሰየሙት ነው። በዚህ ተክል ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ሥር የሚወጣው ብጫና መራራ ፈሳሽ ሌላ፣ በመካከሉ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቆዳ ይቆጠቁጣል፤ ሁለተኛው ያቀዘቅዛል፣ የተቆጣውንም ቦታ ያሳርፋል። በእስላሙ ወገን ዘንድ ታላቅ ክብር ያለው ጥቁር አዝሙድም ዘይቱ ይቀባል። ሎሚ የሚቀቡም አሉ፤ ሎሚ ግን ጎምዛዛነቱ ቆዳን ያቃጥላል፣ ጠባሳም ሊያስከትል ይችላል። ለጠጉር ውበት የሚቀባው ቅቤ ደግሞ ወደ ግንባር ሲወርድ ራሱ የብጉር ምክንያት ይሆናል። በ1970 የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች የጠጉር ቅባት በግንባር ላይ የሚያወጣውን ብጉር በጥናት ገልጸውታል። እንግዲህ የቤት መድኃኒት ሁሉ አንድ ሚዛን የለውም፤ የሚያጥብ፣ የሚያሳርፍ፣ የሚጎዳም አለበት።

ወደ ሐኪሙ ስንመጣ፣ በሐረር ለቆዳ ሕመም ከተሠሩት ተቋማት ቀዳሚው የተነሣው ስለ ብጉር ሳይሆን ስለ ሥጋ ደዌ ነው። ከተማዪቱ በ1887 በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለች በኋላ ራስ መኰንን በ1906 እስኪያርፉ ድረስ ገዝተዋታል። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1901፣ የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን የቅዱስ አንጦንዮስን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ አቋቋሙ። ኖርዌጃዊው ሐንሰን የበሽታውን ተሕዋስ ካገኘ ከ1873 ጀምሮ ገና 28 ዓመት መሆኑ ነበር፤ የሚያድን መድኃኒት ግን አልተገኘም። ኋላም ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ፌሮን በሐረር ለሕሙማኑ ብዙ ደከሙ። የእርሳቸው ሥራ ዜና ጀርመን አገር ደርሶ በ1957 በቩርዝቡርግ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ረድኤት ማኅበር እንዲቆም ምክንያት ሆነ፤ የማኅበሩም የመጀመሪያ ሥራ ከሐረር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የቢሲዲሞ መንደር ነበር።

ይህን ታሪክ ከብጉር ጋር የሚያያይዘው ፍርሃት ነው። ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከወገኑ ተለይቶ ይኖር በነበረበት ዘመን፣ በፊት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ሊያሰጋና ሊደበቅ የሚገባ ይመስል ነበር። ሰው መታየትን ከፈራ ደግሞ የሚሻው የሚሸፍን ነገር እንጂ የሚያክም አይሆንም። ዛሬ ይህ ፍርሃት ምክንያት የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 የመከረው የተጣመረ መድኃኒት ሥጋ ደዌን ያድናል፤ በጊዜ የታየ ሰው አካሉ ሳይጎድል ይድናል።

የብጉርም ሕክምና በ20ኛው መቶ ዓመት ተለውጧል። ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ድኝ እስከ ዛሬ በአንዳንድ ቅባት ውስጥ ይገባል። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ከ1930ዎቹ፣ ቴትራሳይክሊን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብጉር ውለዋል። ከቪታሚን ኤ የተገኘው ትሬቲኖይን በ1971፣ ለጽኑ ብጉር በአፍ የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን በ1982 በአሜሪካ ተፈቀዱ። ይህ የመጨረሻው ፅንስን እጅግ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አትወስደውም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይወሰድም። ቴትራሳይክሊንና መሰሎቹም ብቻቸውን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ተሕዋሱ ይለምዳቸዋል። ሁሉም ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ውጤታቸው የሚታወቀው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነውና። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተዋቸዋል።

ይህች ትዕግሥት ማጣት ለሦስተኛ ነገር በር ከፍታለች። እርሱም ከእናት ያልተወረሰ፣ ሐኪምም ያላዘዘው፣ በየሱቁ የሚሸጥ ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። በ1952 ሃይድሮኮርቲዞን ለቆዳ በቅባት መልክ መዋል ሲጀምር ለችፌ ሕሙማን ታላቅ እፎይታ ሆኖ ነበር። በኋላ የመጡት ብርቱ ዘመዶቹ፣ እነ ክሎቤታዞል፣ ከሐኪም እጅ ወጥተው ፊት ላይ ሲቀቡ የተቆጣውን ብጉር በጥቂት ቀን ያበርዱታል፤ ሰውም መድኃኒት አገኘሁ ይላል። ወራት ሲያልፍ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ከፊተኛው የባሰ ብጉርም ይወጣል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያለውን ቅባት ለማስቀረት ከ2020 የማይበልጥ ቀን ቈርጦ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ብርቱው ክሬም ጭርትን ወይም የሥጋ ደዌን የመጀመሪያ ምልክት ጋርዶ ሕሙሙ ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ጊዜ ማዘግየቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ክርክሩ በእናት መድኃኒትና በሐኪም መድኃኒት መካከል ነው መባሉ ትክክል አለመሆኑን ነው። የሐረር ሴት ቃሲሏን ስትለውስ ምን እንደምትቀባ ታውቃለች፤ ቅጠሉን አይታ፣ አሽትታ፣ አስወቅጣ ነው። ሐኪምም የሚያዘውን መድኃኒት ስሙንና መጠኑን ጽፎ ይሰጣል። ስምም መጠንም የሌለው የሱቅ ክሬም ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ስለዚህ ቀላል ብጉር ያለበት ፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ነገር ይታጠብ፤ ቃሲልም ከተስማማው ይጠቀምበት፤ አያፍርጠው። በሁለት ወር ካልተሻለው፣ ወይም ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት በገላው ላይ ያየ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይቆይ ይታይ፤ ከሐረር ሆኖ ሕይወት ፋናም ቢሲዲሞም ሩቅ አይደሉም።

ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ሥራ ደግሞ አለ። የአያቶቻችንን ቅጠልና ሥር እያንዳንዱን በስሙ፣ በመጠኑና በአቀባቡ መዝግቦ ለሚመረምረው ሊቅ ማቅረብ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ልብስ አጣቢዎች እንዶድ ሲጠቀሙ ተመልክተው ቀንድ አውጣ ገዳይነቱን ያወቁት፣ የተራ ሰውን ሥራ ልብ ብለው ስላዩ ነው። የሐረር ሴቶች ዕውቀትም እንዲህ ያለ ተመልካች ይገባዋል።