ባለዕዳው አምላክና የቲሩማላ ባለመብቶች

ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ፣ በደቡብ ሕንድ በቲሩማላ ተራራ አናት ላይ፣ የቬንካቴሽዋራ ቤተ መቅደስ በር ይከፈታል። ካህናቱ ቁልፋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከፊታቸው ግን ችቦ የያዘ ሌላ ሰው ይቀድማል። አምላኩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየውም እሱ ነው። ይህ ሰው ካህን አይደለም፤ ከከብት አርቢዎቹ ከያዳቫ ወገን የሆነ እረኛ ነው።

እረኛው ካህናቱን እንዲቀድም ያደረገው አንድ የቆየ አፈ ታሪክ ነው። በቲሩማላ አፈ ታሪክ ተነግሮ ብቻ አያበቃም፤ ሥራ ያከፋፍላል። ለአንዱ ችቦ፣ ለአንዱ ምላጭ፣ ለአንዱ የሸክላ ገል፣ ለሌላው ዜማ ይሰጣል። የቤተ መቅደሱን ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰውም ነገሥታቱ ካስቀረጿቸው ድንጋዮች እኩል እነዚህን የዕለት ተዕለት ተግባራት ማየት ይኖርበታል።

ቲሩማላ የምትገኘው በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የሴሻቻላም ኮረብታዎች ሰባት ጫፎች አሏቸው። ምዕመናኑ እነዚህን ጫፎች ቪሽኑ የሚተኛበት የታላቁ እባብ የአዲሴሻ ሰባት ራሶች ናቸው ይላሉ። ቤተ መቅደሱ የቆመው በሰባተኛው፣ በቬንካታድሪ ላይ ነው። በቀን ከ60 ሺህ በላይ ተሳላሚ ይወጣል፤ በመስከረምና በጥቅምት መካከል በሚውለው የዘጠኝ ቀን ክብረ በዓል ጊዜ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል።

አፈ ታሪኩ የሚጀምረው ከጠብ ነው። ብሪጉ የተባለ ባሕታዊ ከሦስቱ ታላላቅ አማልክት ማን እንደሚበልጥ ሊፈትን ተነሳ። ብራህማም ሺቫም አላስተናገዱትም። ቪሽኑም ተኝቶ ስላላየው ብሪጉ ተናዶ ደረቱን በእግሩ መታው። ቪሽኑ ግን አልተቆጣም፤ «እግርህን አሞህ ይሆን?» ብሎ የባሕታዊውን እግር ያሽ ጀመር። በዚያው እጁ በብሪጉ ውስጥ እግር ላይ የነበረችውን፣ የትዕቢቱ ምንጭ የሆነችውን ዓይን ጨፍልቆ አጠፋት። ይህን የምታይ ሚስቱ ላክሽሚ ግን አልታገሠችም። መኖሪያዋ ያ የተመታው ደረት ነበርና ክብሬ ተደፈረ ብላ ጥላው ሄደች።

በዚህ ቤተ መቅደስ ቬንካቴሽዋራ እየተባለ የሚመለከው ቪሽኑ እሷን ፍለጋ ወደ ምድር ወረደ፤ በቬንካታድሪ በአንድ ኩይሳ ውስጥም ተቀመጠ። ምግብና ውኃ አልነበረውም። በየቀኑ አንዲት ላም ከመንጋው ተነጥላ እየመጣች ወተቷን በኩይሳው ላይ ታፈስ ነበር። የንጉሡ እረኛ ወተቱ የት እንደሚገባ ለማወቅ ላሚቱን ተከተላት፤ ሲደርስባትም በንዴት መጥረቢያውን ወረወረ። መጥረቢያው ላሚቱን ስቶ ከኩይሳው ብቅ ያለውን አምላክ ራስ ፈነከተ። እረኛው በድንጋጤ ሞተ። ንጉሡ ባገልጋዩ ጥፋት ተረገመ፤ እረኛው ግን ይቅር ተባለ። የሱ ዘሮች በየዕለቱ በሩ ሲከፈት አምላኩን ቀድመው እንዲያዩ ቃል ተገባላቸው። ችቦው በእረኛው እጅ የገባው በዚህ ነው።

ቁስሉ ሌላም ወራሽ አለው። ከመጥረቢያው በኋላ በአምላኩ ራስ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ ቀረ። ኒላ ዴቪ የተባለች፣ ጋንዳርቫ የሚባሉት የሰማይ ፍጥረታት ልዕልት ይህን አይታ ከራሷ ፀጉር ቆርጣ ተከለችለት። አምላኩም ለውለታዋ፣ ወደ ተራራው የሚመጡ ሁሉ የሚሰጡት ፀጉር ያንቺ ይሁን አላት፤ ከሰባቱ ጫፎች አንዱም በስሟ ኒላድሪ ይባላል። ዛሬ ተሳላሚው ካልያናካታ በሚባለው አዳራሽ ተራ ቁጥርና ግማሽ ምላጭ ይቀበላል። ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ራሱን በውኃ ያርሳል፤ ላጪው ምላጩን ሰክቶ ከመሀል አናቱ ይጀምራል። ሕፃናት እያለቀሱ ይላጫሉ፤ ስለት ያለባቸው ሴቶች ረጅሙን ጉንጉናቸውን ይሰጣሉ፤ ሙሉ በሙሉ መላጨት ያልፈለጉት ሦስት ጊዜ ብቻ በመቀስ ይቆረጥላቸዋል። በተላጨው ራስ ላይ ቢጫ የሰንደል ልቁጥ ይቀባል።

ከዚያ የሠርጉ ነገር ይመጣል። አካሻ ራጃ የተባለ ንጉሥ መሬት ሲያርስ በሎተስ አበባ ላይ ሕፃን ልጅ አግኝቶ ፓድማቫቲ ብሎ አሳደጋት። በምድር ስሙ ስሪኒቫሳ የተባለው ቪሽኑ ለአደን ሲወጣ አያት፤ ወደዳት። ነገር ግን በዱር የሚኖር እንግዳ የንጉሥ ልጅ የሚያገባበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከሀብት አምላክ ከኩቤራ ተበደረ። ብራህማና ሺቫ ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ ዕዳውም እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ከነወለዱ እንዲከፈል ተዋዋሉ። ፓድማቫቲ ከተራራው በታች በቲሩቻኑር የራሷ ቤተ መቅደስ አላት። በቲሩፓቲ ከተማ ያለው የጎቪንዳራጃ ምስል ደግሞ የተጋደመ ነው። ሕዝቡ የቬንካቴሽዋራ ታላቅ ወንድም የሠርጉን ገንዘብ ሲሰፍር ደክሞት መስፈሪያውን ተንተርሶ ተኛ ይላል።

በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሁንዲ የተባለው የመባ መቀበያ የዚህ ብድር መክፈያ ነው። በነጭ ጨርቅ የተከበበ ትልቅ ዕቃ ነው፤ ተሳላሚው እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ብሩን፣ ወርቁን፣ ከጣቱ ያወለቀውን ቀለበት ይጥላል። ለዕዳ የሚሰጥ ስለሆነ ድሃውም ባለጸጋውም በአምላኩ ዘንድ አበዳሪ ሆኖ ይወጣል። ስለት የተሳሉ ወላጆች ልጃቸውን በትልቅ ሚዛን አንድ ወገን አስቀምጠው በሌላው ክብደቱን ያህል ስኳር፣ ሩዝ ወይም ሳንቲም ያኖራሉ።

ድንጋዮቹ የሚናገሩት ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጥንታዊው የታሚል ሥነ ጽሑፍ ቬንጋዳም የሚለውን ይህን ኮረብታ የታሚሎች ምድር ሰሜናዊ ወሰን አድርጎ ይጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ966 የፓላቫ ንግሥት ሳማቫይ የአምላኩን ትንሽ የብር ምስል አሠርታ ሰጠች፤ ለሥርዓቱ ማስኬጃም መሬት መደበች፤ ይህንንም በድንጋይ አስቀረጸች። ቦጋ ስሪኒቫሳ የሚባለው ያ ምስል ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ዋናው የድንጋይ ምስል ከቦታው ስለማይነቃነቅ በየሌሊቱ በአልጋ ላይ የሚተኛው እሱ ነው።

በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን መካከል የኖረው ፈላስፋው ራማኑጃ የአምልኮውን ሥርዓት እንዳደላደለ ይነገራል። በዘመኑ ይህ ምስል የቪሽኑ ነው ወይስ የሺቫ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ራማኑጃ የሁለቱንም አማልክት ምልክቶች በምስሉ ፊት አስቀምጦ በሩን አዘጋ ይባላል፤ ሲነጋ ምስሉ የቪሽኑን ዛጎልና የእሽክርክሪት መሣሪያ ይዞ ተገኘ። ተራራውን በእግሩ መርገጥ ስለከበደው በጉልበቱ የወጣበት ቦታም «የጉልበት ተራራ» ተብሎ ይጠራል።

ከራማኑጃ ደቀ መዛሙርት አንዱ አናንታልዋር ነበር፤ ለአምላኩ የአበባ አትክልት ሊያለማ ወደ ተራራው መጣ። ኩሬ ሲቆፍር አፈሩን የምታመላልስለት ነፍሰ ጡር ሚስቱ ነበረች። አንድ ልጅ መጥቶ ሊያግዛት ሲል አናንታልዋር ይህ የኛ አገልግሎት ነው ብሎ ተቆጣ፤ በዲጂኖውም የልጁን አገጭ መታው። ልጁ ሸሸ። በኋላ ካህናቱ ከምስሉ አገጭ ደም ሲፈስ አዩና ካምፎር ለጠፉበት። ዛሬም በምስሉ አገጭ ላይ ነጭ ካምፎር ይደረጋል፤ ዲጂኖው ደግሞ በዋናው መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በተራራው ላይ የሚያብብ አበባ ሁሉ የአምላኩ ነው ስለሚባል ሴቶች በፀጉራቸው አበባ ሰክተው አይገቡም።

ቤተ መቅደሱ በሀብት የደረጀው በቪጃያናጋር ነገሥታት ዘመን ነው። ክሪሽናዴቫራያ ከ1513 ጀምሮ ሰባት ጊዜ መጥቷል፤ በ1518 የመቅደሱን ጉልላት በወርቅ አስለበጠ። የሱና የሁለት ሚስቶቹ ምስሎች በመግቢያው አዳራሽ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ከንጉሡ ቀድሞ በ1408 የተወለደው አናማቻርያ ለዚህ አምላክ በቴሉጉ ቋንቋ 32 ሺህ መዝሙር እንደደረሰ ይነገርለታል። ዘሮቹ መዝሙሮቹን በመዳብ ሰሌዳ አስቀረጹ። ሰሌዳዎቹ ከሁንዲው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ለዘመናት ተረስተው ከቆዩ በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደገና ወጡ፤ ከ12 ሺህ በላይ መዝሙሮችም ተርፈዋል። ማታ የብሩ ምስል ሲተኛ እሹሩሩ የሚለው ሰው ከአናማቻርያ ዘሮች፣ ከታላፓካ ቤተሰብ ነው።

በወጥ ቤቱም እንዲሁ አፈ ታሪክ ያዛል። ቶንዳማን የተባለ ንጉሥ የወርቅ አበቦች ለአምላኩ ያቀርብ ነበር፤ በነጋታው ግን ከወርቁ በላይ የጭቃ አበቦች ተቀምጠው ያገኛል። ሲያጣራ፣ ሥራ የሚበዛበት አንድ ድሃ ሸክላ ሠሪ በቤቱ ሆኖ ከእጁ በተረፈው ጭቃ አበባ እየሠራ የሚያቀርበው ነበር። የቤተ መቅደሱ ማብሰያ ቤት ብዙ ዓይነት ምግብ ያዘጋጃል፤ የውስጠኛውን መቅደስ ደፍ ተሻግሮ የሚገባው ግን በሸክላ ገል የቀረበ በእርጎ የተለወሰ ሩዝ ነው። ተሳላሚው ይዞት የሚወርደው ጣፋጭ ላዱ ይባላል፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከተነጠረ ቅቤ፣ ከካሹ፣ ከዘቢብና ከሄል ይድቦለቦላል። በ2009 ስሙ በሕግ ስለተጠበቀ ሌላ ቦታ የተሠራ ላዱ የቲሩፓቲ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ ገቢ የባለሥልጣናትን ዓይን መሳቡ አልቀረም። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1801 አስተዳደሩን ያዘ። በእንግሊዝ አገር ግን ክርስቲያን መንግሥት የጣዖት ቤት ሒሳብ እንዴት ይይዛል የሚል ተቃውሞ በረታ፤ ስለዚህ በ1843 ለሃቲራምጂ ገዳም አለቆች አስረከበ። የገዳሙም መብት በአፈ ታሪክ የተደገፈ ነው። ገዳሙ በስሙ የሚጠራው ባባ ሃቲራም ከሰሜን የመጣ መናኝ ሲሆን አምላኩ ሌሊት እየመጣ አብሮት ዛራ ይጫወት ነበር ይባላል። አንድ ሌሊት አምላኩ የአንገት ጌጡን ረስቶ ሄደ፤ መናኙም በሌብነት ተከሰሰ። ባሠሩት ቤት ክፍል ሙሉ ሸንኮራ አገዳ አስገብተው፣ እስኪነጋ ከጨረስከው እናምንሃለን አሉት። ዝሆን መጥቶ በላለት። የገዳሙ አለቆች እስከ 1933 ድረስ አስተዳደሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ ቲሩማላ ቲሩፓቲ ዴቫስታናምስ በሚባለው በሕግ በተቋቋመ አካል እጅ ነው።

ተራራው ላይ በመኪና መውጣት የተቻለው በ1944 መንገድ ከተሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በእግር ወይም በሰው ትከሻ በሚነሳ ወንበር ነበር። ዛሬም ብዙዎች መኪናውን ትተው ከአሊፒሪ የሚነሱትን 3,550 ደረጃዎች ይወጣሉ። ሴቶች ጎንበስ እያሉ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እርድና ቀይ ዱቄት ይቀባሉ፤ ከፊትም ከኋላም «ጎቪንዳ! ጎቪንዳ!» የሚል ጩኸት ይሰማል።

የግዛቱ መንግሥት በ1987 ባወጣው ሕግ በቤተ መቅደሶች የነበረውን የዘር መብት ሻረ። ካህናቱ ተከራከሩ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1996 ሕጉን አጸና። ከዚያ ጀምሮ ካህኑ ከላዱው ድርሻ ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝተኛ ሆነ። ጥቅሙ በሕግ ሲሻር ልማዱ ግን አልተሻረም፤ ችቦውን የሚይዘው አሁንም እረኛው ነው፤ እሹሩሩውም ከታላፓካ ቤት አልወጣም።

የኒላ ዴቪ ፀጉር ደግሞ ከሕንድ ውጭ ሌላ ክርክር አስነሳ። የተላጨው ፀጉር በርዝመቱ ተለይቶ በጨረታ ይሸጣል፤ ቀለም ነክቶት ስለማያውቅ የ«ሂውማን ሄር» ነጋዴዎች ይፈልጉታል። በ2004 በኢየሩሳሌም የነበሩት ዝነኛው ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤሊያሺቭ፣ መላጨቱ ራሱ ለጣዖት የሚቀርብ መሥዋዕት ከሆነ አይሁዳዊት ሴት በዚህ ፀጉር የተሠራ ዊግ ልታደርግ አትችልም ብለው ወሰኑ። ከመወሰናቸው በፊት አንድ ረቢ ከለንደን ወደ ቲሩፓቲ ተልከው ነበር። በእስራኤልና በኒውዮርክ ብሩክሊን ሃይማኖተኛ ሴቶች ውድ ዊጎቻቸውን በአደባባይ አቃጠሉ። ሌሎች ረቢዎች ግን ፀጉሩ ለምስሉ አይቀርብም፤ የሚላጨውም ከመቅደሱ ውጭ ነው ብለው ተቃወሙ።

መላጨቱ መሥዋዕት ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ በካልያናካታ የሚቀመጠው ተሳላሚ ሦስት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ስለቴን ከፈልኩ ይላል፤ ሌላው ትዕቢቴን ቆርጬ ጣልኩ ይላል፤ ሦስተኛው ለኒላ ዴቪ ሰጠኋት ይላል። የጨረታው ገንዘብ ግን ከሁንዲው ገንዘብ ጋር ወደ አንድ ካዝና ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ሆስፒታሎችንና ኮሌጆችን ያስተዳድራል፤ ከ1985 ጀምሮ ደግሞ በተራራው ላይ ለመጣ ሁሉ በነጻ በሚቀርበው ምግብ ላይ ይውላል።