የተቋረጠ ትምህርት እንዴት ይካካሳል?

በመስከረም 2012 ዓ.ም 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ፊደሉን በቅጡ ሳይለይ መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። በቀጣዩ ዓመት ያቋረጠውን ሳይጨርስ 2ኛ ክፍል ተቀመጠ። ልጁ የሰሜን ወሎ ወይም የዋግ ኽምራ ነዋሪ ከነበረ ደግሞ በመጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የተከሰተው የሰላም እጦት በተደጋጋሚ ከመማሪያ ክፍል ለየው። ጉዞው ባይስተጓጎል ኖሮ ይህ ልጅ በ2017 ዓ.ም የ6ኛ ክፍል ተማሪ ይሆን ነበር። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሲመለስ የሚቸግረው ጉዳይ ከየት ይጀምር የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ያለፉትን ምዕራፎች በቅዳሜና በትርፍ ሰዓት በጥድፊያ መሸፈን ነው። ይህ አሠራር ቀድሞውንም ትምህርቱን ይከታተል ለነበረ ተማሪ ይጠቅማል፤ ማንበብ ላልቻለው ግን ያልገባውን ነገር በፍጥነት ደግሞ ማሰማት ብቻ ነው።

የመቋረጥ ጉዳት በተዘጉት ወራት ቁጥር እንደማይለካ የፓኪስታን ተሞክሮ ያሳያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2005 የሀገሪቱን ሰሜናዊ ክፍል ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘጉ። ከ4 ዓመታት በኋላ ቤቶች ተሠርተው፣ ቤተሰቦችም ኑሯቸውን መልሰው በነበረበት ጊዜ ተመራማሪዎች ልጆቹን ፈተኑ። አደጋው በቅርብ የደረሰባቸው ልጆች ከርቀት ካሉት እኩዮቻቸው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በሚገመት ትምህርት ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። የ14 ሳምንት ክፍተት በራሱ ይህን ያህል ሊሆን አይችልም። አሳማኙ ማብራሪያ መምህራን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሲቀጥሉ መሠረቱን ያልያዙት ልጆች በየዓመቱ ይበልጥ እየራቁ መሄዳቸው ነው። በዚሁ ጥናት እናቶቻቸው ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ ልጆች ይህ ጉድለት አልታየባቸውም። ቤት ውስጥ የልጁን ክፍተት አይቶ የሚደግፍ ሰው መኖሩ ምን ያህል እንደሚለውጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአማርኛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ካዕቡን ከሣልሱ፣ ራብዑን ከኃምሱ የማይለይ ልጅ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ሲሰጠው ሳይንሱ አይደለም የሚያቅተው፤ ንባቡ ነው። ከጎረቤት አሃዝ ተበድሮ መቀነስን ያልተማረ ልጅም በክፍልፋይ ላይ ቢደክም አይገርምም።

በዚህ ረገድ ብዙ የተፈተነው አሠራር ከህንድ የመጣ ነው። ፕራታም የተባለው ድርጅት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት የክፍል ደረጃቸውን ትቶ በሚችሉት መጠን ይመድባቸዋል፤ ፊደል የሚለዩ ከፊደል ለዪዎች ጋር፣ ቃል የሚያነቡ ከቃል አንባቢዎች ጋር፣ አንቀጽ የሚያነቡም እንዲሁ። ልጁ ሲሻሻል ወደሚቀጥለው ቡድን ይሸጋገራል። በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በድምሩ 50 ቀናት ገደማ በወሰዱ የንባብና የሒሳብ ካምፖች የተሳተፉ ልጆች በመደበኛው ትምህርት ብቻ ከቀሩት በእጅጉ ተሽለው ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያም «ስፒድ ስኩል» የሚባለው የተፋጠነ ትምህርት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን በ10 ወራት የ3 ዓመት ትምህርት አስጨርሶ ወደ 4ኛ ክፍል እንዲገቡ ያዘጋጃል። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው ወጣቶች ናቸው።

ሐሳቡ ለሀገሬው እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚያልፈው ዕድሜው ስለደረሰ ሳይሆን የያዘውን ስላጠናቀቀ ነው፤ ቀድሞ የተማረውም ጀማሪውን ያስጠናል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህንን ልማድ መተዉ ብዙ ሳያስከፍለው አልቀረም።

የልጁን ደረጃ ለማወቅ ውስብስብ ፈተና አያስፈልግም። ልጆች የፊደል ገበታውን በዜማ በቃላቸው ስለሚወጡት ፊደላቱን ከተራቸው ውጭ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች እየጠቆሙ ማስነበብ ይገባል። ቀጥሎ የለመዳቸው አጫጭር ቃላት፣ ከዚያም ከ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ አጭር አንቀጽ ይሰጠው። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዳነበበ በራሱ ቃል ይንገር፤ ፊደል የማያውቅ ወላጅም ቢሆን ልጁ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ መሆኑንና ታሪኩን መናገር ማቃቱን በጆሮው ይለየዋል። ለሒሳብ በ200 ብር የ135 ብር ዕቃ ሲገዛ መልሱ ስንት እንደሚሆን መጠየቅ በቂ መነሻ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ቁጣና ታናሽ ወንድሙ በሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

ቀጣዩ ሥራ አምስት ስድስት ልጆችን በደረጃቸው ሰብስቦ በየቀኑ አንድ ሰዓት ማስጠናት ነው። የሳምንቱን ሁሉ ቅዳሜ ላይ ማከማቸት የዚህን ያህል አይሠራም። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ወጣት ለዚህ ይበቃል፤ መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ ቢያያቸውና ቢመራው ደግሞ የተሻለ ነው። ሰዓቱ ግን ከአርሶ አደሩ ኑሮ ጋር መግጠም አለበት። በአጨዳና በውቂያ ወራት ከሰዓት በኋላ ልጅ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከብት ከመውጣቱ በፊት ወይም ከገባ በኋላ ይሆናል። ሴት ልጅ ውኃ የምትቀዳበት ሰዓትም ከግምት ካልገባ ቡድኑ የወንዶች ብቻ ይሆናል።

በከተማ ያለው ችግር ሌላ ነው። ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ አስጠኚው የቤት ሥራውን ለልጁ ሠርቶለት ይሄዳል፤ ደብተሩ በትክክል ምልክት ይሞላል፤ ልጁ ግን እዚያው ነው። ለአስጠኚው የሚቀርበው ጥያቄ «የቤት ሥራው አለቀ?» ከሚሆን «በዚህ ወር ብቻውን ምን መሥራት ቻለ?» ቢሆን ይበጃል።

መሰባሰብ በማይቻልበት፣ ስልክ ግን በሚሠራበት አካባቢ የቦትስዋና ልምድ ይጠቅማል። በወረርሽኙ ወቅት መምህራን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በተራ ስልክ እየደወሉ ከልጁና ከወላጁ ጋር አንዳንድ የሒሳብ ጥያቄ ይሠሩ ነበር። በጽሑፍ መልእክት ከታገዘው ከዚህ ጥሪ ልጆቹ ተጨባጭ ለውጥ አግኝተዋል፤ መልእክት ብቻውን ግን ያን ያህል አልሠራም።

በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ሬሜዲያል ከዚያ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ነው፤ 4ኛ ክፍል ላይ ሳያነብ የቀረው ልጅ እዚያ አይደርስም። በተለይ በ13 ዓመቷ ከ8 ዓመት ሕፃናት ጋር የተቀመጠች ልጅ እፍረቱን ብዙ አትታገሠውም፤ ከቀረች ቀጥሎ የሚመጣው የጋብቻ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ልጁን ዳግም የሚያስመዘግብ ወላጅ ትምህርት ቤቱን ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ልጄ በምን ተመዝኖ ይመደባል? ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ንባቡን ለብቻ የሚማርበት ሰዓት አለ? ደረጃውስ መቼ እንደገና ይታያል?