አሳታፊ ጋዜጠኝነት፦ የተገለሉ ማኅበረሰቦች ድምፅና የዜጎች መረጃ የማግኘት መብት

አሳታፊ ጋዜጠኝነት ማለት ዘገባው የሚመለከተው ማኅበረሰብ በርእሰ ጉዳዩ መረጣ፣ በመረጃ ማሰባሰቡና በዝግጅቱ ውስጥ ድርሻ የሚኖረው የጋዜጠኝነት አሠራር ነው። በተለመደው አሠራር ጋዜጠኛው ጥያቄውን ከቢሮ ይዞ ይሄዳል፤ ነዋሪውም መልሱን ሰጥቶ ይሸኘዋል፤ ዘገባው በምን መልኩ እንደ ተላለፈ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። በአሳታፊው አሠራር ጥያቄው ራሱ ከነዋሪው ይነሣል። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም የዘገባውን ይዘት ይለውጣል። አንድ የውኃ ተቋም ተመርቆ ሥራ መጀመሩ ዜና መሆኑ አይቀርም፤ ቧንቧው ከጥቂት ወራት በኋላ ለምን እንደ ደረቀ የሚጠየቀው ግን ርእሱን የመምረጥ ዕድል ውኃ ቀጂዎቹ ሲያገኙ ነው።

ሕጋዊ መሠረቱ

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነፃነትን ያረጋገጠ ሲሆን፣ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑንና የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል ሊኖር እንደሚገባ ደንግጓል። አንቀጽ 5 ደግሞ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይገልጻል። ሁለቱ አንቀጾች ተዛማጅ ሆነው መነበብ ይኖርባቸዋል፤ ሐሳቡን በገዛ ቋንቋው የሚገልጽበት መድረክ ለሌለው ሰው የመናገር ነፃነት ከወረቀት አያልፍም።

የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ ማኅበረሰቡ በዕቅዱና በአመራሩ የሚሳተፍበት አገልግሎት አድርጎ አውቆታል። ይህ ዘርፍ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ቦታውን ጠብቆ ቀጥሏል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስቡ ማኅበራት በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዘንድ ያለውን የተሻሻለ ጽሑፍ መመልከት ይኖርባቸዋል።

አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን አማካኝነት የሚፈጸም የስም ማጥፋት ድርጊትን ከወንጀል ተጠያቂነት አውጥቶ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አድርጓል። በመገናኛ ብዙኃን አማካኝነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰውም ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ድንጋጌና አፈጻጸም ግን ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. በርካታ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች በታሰሩበት ወቅት ይህንኑ ክልከላ በመጥቀስ እንዲከበር አሳስቦ ነበር። ጉዳዩ የጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። ጋዜጠኛው ሲፈራ ቀድሞ የሚቀረው ዘገባ ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ዘገባ ነው።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ

በሀገራችን አሳታፊ ጋዜጠኝነት በተግባር የሚታየው በዋነኛነት በማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮሬ፣ የከምባታና የዋግ ኽምራ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። የእነዚህ ጣቢያዎች ዋጋ ከሽፋናቸው ስፋት ይልቅ ከአድማጩ ጋር ባላቸው ቅርበት ይለካል። ስለ ግሪሳ ወፍ ወረራ ወይም ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት መዘግየት በኮሬኛ ወይም በኽምጣና የሚናገር አርሶ አደር አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ አነጋገሩ፣ ተረቱና ቁጣው ሳይቀር እንዳለ ይተላለፋል። የአድማጮች ቡድን በሚደራጅበት ስፍራ ነዋሪዎች ፕሮግራሙን አብረው ያዳምጣሉ፣ ይወያያሉ፣ ያልተነሣውን ጉዳይ መዝግበው ለጣቢያው ይመልሳሉ።

ችግሩም የታወቀ ነው፦ የገንዘብ እጥረት፣ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ፣ የመለዋወጫ ዕቃ አለመገኘት። በበጎ ፈቃድ ሠልጥነው የሚያገለግሉ ወጣቶች ልምድ ባገኙ ማግስት ደመወዝ ወደሚከፍል ጣቢያ መሄዳቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። የገቢው ምንጭ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ለጋሽ ድርጅት ብቻ የሆነ ጣቢያ ግን ያንን ደጋፊ ለመጠየቅ የሚያስችል ድፍረት እንደማይኖረው አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ከተገለሉ ማኅበረሰቦች ጋር መዘገብ

መገለል በርቀት ብቻ አይመጣም። በሀገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች ምርታቸው በየቤቱ እያገለገለ እነርሱ ግን ከጋብቻ፣ ከዕድርና አብሮ ከመብላት ሲገለሉ ኖረዋል። ጀበናውን የሠራችውን ሴት «ቡዳ» ብሎ የሚፈራው ሰው ቡናውን በዚያው ጀበና አፍልቶ ይጠጣል። በካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ተመሳሳይ መገለል ደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለውን ማኅበረሰብ የሚመለከት ዘገባ የሚጀምረው ከስያሜ ነው፤ ጎረቤት የሚጠራበት ስም ብዙ ጊዜ ስድብ በመሆኑ ሰዎቹ ራሳቸውን በምን ስም እንደሚጠሩ መጠየቅ ቀዳሚው ተግባር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማን ስለ ማን ይናገራል የሚለው ነው። የአካባቢው ሽማግሌ ወይም የቀበሌው ሊቀ መንበር በእነርሱ ስም የሰጠው ቃል የእነርሱ ቃል ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። መስማት ለተሳናቸው ባለጉዳዮችም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በቅድሚያ መዘጋጀት አለበት፤ የቤተሰብ አባል ቢተረጉም በቤት ውስጥ የሚፈጸም በደል ሊነገር አይችልም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። ከስደት ተመላሽ የሆነች ወጣት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደክማና ተርባ ሳለች ማይክሮፎን ሲቀርብላት የምትሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ ነው ለማለት ያዳግታል። ፊቷን ቤተሰቧ ያየዋል፤ የጉዞ ገንዘብ ያበደራት ሰው ያየዋል፤ ደላላውም ያየዋል። ስለዚህ ቃሏን የሚቀበለው ባለሙያ ዘገባው የት እንደሚተላለፍና ማን ሊያየው እንደሚችል በሚገባት ቋንቋ ሊያስረዳት፣ ስሟን ወይም ምስሏን ሊሸፍን፣ ሐሳቧን ብትለውጥም ከመተላለፉ በፊት ሊያወጣው ይገባል። ማንኛውም ዜጋ እነዚህን ነጥቦች ጋዜጠኛውን የመጠየቅ፣ አልናገርም የማለትም መብት አለው። ቃል አለመስጠት ከመንግሥት የሚያገኘውን አገልግሎት አያሳጣውም።

መረጃ ስለ መጠየቅ

አሳታፊ ዘገባ ስሞታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነዋሪው ሰነድ ማግኘት አለበት፦ የመንገዱ ውል፣ የጤና ጣቢያው በጀት፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር መመዘኛ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት ለጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መጻፍ ያልቻለ ሰው በቃል መጠየቅ ይችላል፤ ኃላፊውም ቃሉን በጽሑፍ አስፍሮ ቅጂውን ይሰጠዋል። መልሱ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት ያለበት ሲሆን፣ ክልከላ ቢኖር ምክንያቱ ሊገለጽ ይገባል። ቅሬታ ያለው ጠያቂ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ያቀርባል። የጥያቄውን ቀንና የተረካቢውን ስም የያዘ ቅጂ ያልያዘ ባለጉዳይ የመልስ ጊዜው ማለፉን ለማስረዳት ስለሚቸገር ቅጂውን ሳይቀበል ከቢሮው አለመውጣቱ ይመረጣል።

የተላለፈው ዘገባ ስሕተት ካለበት ደግሞ ባለጉዳዩ እርማት ወይም መልስ እንዲወጣለት በቅድሚያ መገናኛ ብዙኃኑን ይጠይቃል። ጥያቄው ስሕተቱ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት፣ የፕሮግራሙን ስምና ትክክለኛውን መረጃ በአጭሩ ቢይዝ ይበቃል፤ ጠበቃ ማቆም አያስፈልግም።